የስደት ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ያሠሩት የቁስቋም ደብር የስደት መታሰቢያ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ስትሸሽ ያረፈችው በግብፁ ደብረ ቁስቋም ነውና። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌን ጾም በፈቃዳችን የምንጾመው፣ በየሰንበቱ ሌሊቱን በማኅሌት የምናድረው፣ ኅዳር 6 ቁስቋምን የምናነግሠው ይህንኑ እያሰብን ነው። እንግዲህ በባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖቼ «ምን ይደረግ፣ ስደት ነው፤ ሃይማኖቱም ቀዘቀዘ» ስትሉ የጎንደር ሰው እንዴት አሜን ይበላችሁ? ጌታችን ራሱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ስደተኛ ነበረ።

ለጥምቀት ትመጣላችሁ፤ እሰየው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ በጥልፍ ያማረ ቀሚሳችሁ ከተማውን ያደምቀዋል። በዚህ አልከፋም። አንድ ጊዜ ግን ጸበል የሚረጩ ቄስ ከውጭ አገር የመጣን አንድ ልጅ «የክርስትና ስምህ ማን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። እናትም ስልኳን ከፍታ የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ፎቶ ትፈልግ ጀመር። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ታግሠው ቆዩ። ስሙ በክብር ተቀምጧል፤ በቤት ውስጥ ግን የጠራው የለም።

ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን የከለዳውያንን ቋንቋ ተማሩ፣ በአዲስ ስም ተጠሩ፣ በቤተ መንግሥትም አገለገሉ። እምቢ ያሉት በንጉሡ ማዕድ ላይ ነው፤ ጥራጥሬና ውኃ ይበቃናል አሉ። ኤርምያስም ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ጸልዩ ይላል። ስለዚህ የሰው አገር ቋንቋ አቀላጥፎ መናገር፣ ቤት መግዛት፣ ሹመት ማግኘት ነውር አይደለም። («ልጄ አማርኛ አይችልም» ብሎ የሚያፍር ወላጅ ሞልቷል፤ «ልጄ ረቡዕን አይጾምም» ብሎ የሚያፍር ግን እስካሁን አልገጠመኝም።)

እናቶቻችን ምስር፣ ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ይልኩላችኋል። ሽሮውን እሑድ ለአገር ናፍቆት ትበሉታላችሁ አሉ፤ ረቡዕ ደግሞ አይብ የሞላበት ፒዛ! ታኅሣሥ 16 ገደማ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ገናቸውን ሲያከብሩ የእኛ የነቢያት ጾም ገና አላለቀም። ኬኩ ሲዞር «እጾማለሁ» ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ እንዲያውም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፣ ያን ጊዜ መልስ ይኑራችሁ። የሥራ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየትን የሚከለክለው፣ የታመመና ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ከንስሓ አባት ጋር ይነጋገር። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰውን ለማስጨነቅ አልተሠራም።

ከዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል። ስልኩ ይቀመጥ፤ ልጁን በክርስትና ስሙ ጥሩት፤ አቡነ ዘበሰማያትን እርሱ ይምራ፣ ቢሳሳት እያረማችሁ። በጽጌ ጾም ሥጋ ለምን እንደሌለ ከጠየቀ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 2 አንብቡለት፤ «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» እስከሚለው ድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።