ሃይማኖት የገዢ ዱላ ብቻ ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሃይማኖት እኮ የጥንት ነገሥታት ሕዝቡን ጸጥ ለጥ አድርገው ለመግዛት የፈጠሩት ነው።» ቡና ላይ ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ እል ነበር። የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ፈርዖን የፀሐይ አምላክ የራ ልጅ ነኝ ይል ነበር። የአክሱሙ ኢዛናም ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው «ለጠላት የማይሸነፍ የማሕረም ልጅ» ብሎ ነው። አምላክ ወለደኝ የሚልን ሰው ማን ደፍሮ ይከሰዋል? ሌላው ግማሽ ግን ተረስቷል። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አመለካከት፦ ሃይማኖትን የፈጠሩት ነገሥታት ናቸው።

እውነታው፦ አምልኮ ከዙፋን ይቀድማል። ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፣ ኡርፋ አጠገብ ጎቤክሊ ቴፔ የሚባል ኮረብታ አለ። እዚያ ያሉት የድንጋይ ምሰሶዎች መተከል የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 9500 ዓመት አካባቢ ነው። ትልልቆቹ ከ5 ሜትር ይበልጣሉ። ቀበሮ፣ እባብና ጊንጥ ተቀርጾባቸዋል። ያቆሟቸው ሰዎች እያደኑና እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። ቤተ መንግሥት የሚባል ነገር አልተገኘም።

አመለካከት፦ ፈርዖን እንደ አምላክ ስለሚታይ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር።

እውነታው፦ ትንፍሽ ማለት ብቻ አይደለም፣ ሥራ አቁመውበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ዓመት ገደማ ነው። ራምሴስ ሦስተኛው በነገሠ በ29ኛው ዓመት። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉትና የሚያስጌጡት ባለሙያዎች ዛሬ ዴይር ኤል መዲና በምትባል መንደር ይኖሩ ነበር። ደሞዛቸው እህል ነው። አንድ ሠራተኛ በወር 4 ጆንያ ያህል ስንዴና 1 ተኩል ያህል ገብስ ይሰፈርለታል። እህሉ ቀረ። ቀኑ ተቆጠረ፣ አሁንም የለም።

ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። የጥበቃ ኬላዎቹን አልፈው ሄደው ከቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። ሹማምንቱ እየመጡ ቢለምኗቸውም አልተነሡም። የመጣነው ርቦንና ጠምቶን ነው፣ ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም፣ ለጌታችን ለፈርዖን ጻፉለት አሉ። ደሞዝ ዘግይቶበት የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። በመጨረሻ ያለፈው ወር እህል ተሰፈረላቸው። ነገሩን የመዘገበው ፓፒረስ ዛሬ ጣሊያን፣ ቱሪን ውስጥ ይገኛል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች እምነታቸውን አልጣሉም። ድፍረት የሰጣቸው ራሱ እምነታቸው ይመስለኛል። ግብፃውያን ማዓት የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ እውነት፣ ፍትሕና ሥርዓት አንድ ላይ ማለት ነው። ፈርዖን የነገሠው ማዓትን ሊጠብቅ ነው። የሠራተኛ እህል ከቀረ ማዓት ጎደለች ማለት ነው።

በዚሁ ንጉሥ ላይ ኋላ የገዛ ቤተሰቡ አሲሮበታል። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የሬሳው የሲቲ ስካን ምርመራ ጉሮሮው በጥልቀት ተቆርጦ እንደነበር አሳይቷል። አምላክ መባል ከቢላ አላዳነውም።

አመለካከት፦ ካህናት ምንጊዜም የንጉሡ አገልጋዮች ነበሩ።

እውነታው፦ ባቢሎን ውስጥ ካህን ንጉሥን በጥፊ ይመታ ነበር! የአዲስ ዓመት በዓል ሥርዓቱ በሸክላ ጽላት ተጽፎ ቆይቶልናል። በ5ኛው ቀን ሊቀ ካህናቱ የንጉሡን በትረ መንግሥት ይወስድበታል። በጥፊ ይመታዋል፣ ጆሮውን ይዞ በባቢሎን ዋና አምላክ በማርዱክ ፊት ያንበረክከዋል። ንጉሡም ባቢሎንን አልበደልኩም፣ ዜጎቿንም በጥፊ አልመታሁም ብሎ ይናዘዛል። ከዚያ ዕቃው ይመለስለትና አንድ ጥፊ ይደገማል። ዕንባው ከፈሰሰ አምላኩ ደስ ብሎታል፣ ካልፈሰሰ ግን ተቆጥቷል፤ ጠላት ተነሥቶ ንጉሡን ይጥለዋል ይባላል።

አመለካከት፦ ኢዛና ሲጠመቅ አገሩ ሁሉ አብሮ ተጠመቀ፤ ነገሩም ፖለቲካ ብቻ ነበር።

እውነታው፦ የኢዛናን ልብ መርምሮ «ፖለቲካ ብቻ ነው» የሚል ሰው ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሳንቲሙ ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት በመስቀል ተተካ። ሕዝቡ ግን በአንድ ጀምበር አልተለወጠም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳንም ብዙ መድከም ነበረባቸው። ኢዛና በግእዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ድሉን ለእግዚአ ሰማይ ይሰጣል። ቀጥሎም ሕዝቡን በጽድቅና በርትዕ እንደሚገዛ፣ እንደማይበድል ቃል ይገባል። አምላኩ ዙፋኑን ሲያጸናለት ግዴታም አሸክሞታል።

የአክሱም የወርቅ ሳንቲም በዋናነት ለውጭ ንግድ ነበር። መዳቡ በአገሬው ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነው። መስቀል ከገባ በኋላ ከተመቱት የመዳብ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ፣ በመስቀሉ ዙሪያ፣ በግሪክኛ የተጻፈው «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው።