«ሻጩ ሲያሳየኝ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል» አትበሉኝ

ጎንደር ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ አንዱ ነጋዴ አጠገቤ ይመጣና ይህችኑ ይነግረኛል፤ «የሒሳብ ፕሮግራሙን ሲያሳዩኝ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል።» የሱቅ ሒሳብ ስነካካ ኖሬ ይህችን የሰማሁትን ያህል ሰላምታ አልሰማሁም።

መጀመሪያ ትንንሾቹን አባባሎች ላራግፋቸው።

«ኤክሴል ለጉልት ነው።» የዚህ የሠንጠረዥ ፕሮግራም አንዱ ሉህ ከ1 ሚሊዮን በላይ መስመር ይይዛል። ጣጣው የሚመጣው ሦስት ሰው በየኮምፒውተሩ የየራሱን ቅጂ ሲያርም ነው።

«ውድ ከሆነ ጥሩ ነው።» አይደለም።

«ፒችትሪ በፍላሽ እያለ ማን ይከፍላል?» አዎ፣ ያ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ተቀድቶ አለ፤ ቫይረሱም አብሮት አለ። ስሙ እንኳ ሴጅ 50 ከሆነ ከ10 ዓመት በላይ አልፎታል። ሲበላሽባችሁ ለማን ልትደውሉ ነው?

«ክላውድ ከሆነ አያሳስብም።» ክላውድ ማለት መዝገባችሁ በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት እንደጠፋ ረሳችሁት? ኢንተርኔት በሌለበት ሽያጭ ይመዘግብ እንደሆነ ጠይቁ። መዝገባችሁን በኤክሴል ማውጣት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ካልተቻለ ነገ ልቀይር ብትሉ ሒሳባችሁ እዚያው ታስሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው። ሻጩ የሚያሳያችሁ የራሱን ዓለም ነው። አሥር ዕቃ፣ አምስት ደንበኛ፣ ሁሉም እጅ በእጅ ከፋይ። እንዲህ ያለ ሱቅ ጎንደር ውስጥ ካለ አሳዩኝ።

አንድ ጅምላ አከፋፋይ እንዲሁ አይቶ ከፈለ። ከዚያ የዱቤ ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ገባ። አንዷ ልጅ «ኃይሉ» ብላ ጻፈች፣ ሌላዋ «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሦስቱም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጋሽ ኃይሉ ሦስት ሰው ሆነው አረፉት፤ ዕዳቸውም ሦስት ቦታ ተበተነ። ከተፈቀደላቸው በላይ ሲወስዱ ፕሮግራሙ ጭጭ! በመጨረሻ እኔ ተጠርቼ ሁለት ሌሊት ስም ስለቅም አደርኩ። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ፤ ፕሮግራሙ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ዲሴምበር ብቻ ነው። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር የነገረው የለም። ሰውዬው ግን እስከዛሬ «ሲያሳዩኝ ይሠራ ነበር» ይላል።

ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የአንድ ሳምንት ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የተመለሰ ዕቃ ይኑርበት፣ ግማሹ የተከፈለ ዱቤ፣ በቴሌብር የገባ ብር፣ በኩንታል ተገዝቶ በኪሎ የተሸጠ ስኳር። መዝጋቢዋ የራሳችሁ ካሸር ትሁን፤ ሻጩ እጁን ኪሱ ይክተት።

ደግሞ መብራት አለ። ሽያጭ እየተመዘገበ ሳለ የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀሉት፣ መልሳችሁ አብሩት፣ የቱ ሽያጭ እንደተረፈ እዩ። ባለፈው ልነቅል ስጠጋ አንዱ ሻጭ «ኧረ ጋሼ፣ ዳታው ይበላሻል!» ብሎ እጄን ለቀም አደረገኝ።

እሱን አልገዛነውም።