ሳውንድ ቼክ ምንድን ነው?

አንድ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ «አሎ፣ ሞክር፣ አንድ ሁለት» ካለ በብዙ የሰፈርና የወጣት ማዕከል ዝግጅት ላይ ሳውንድ ቼክ ተደረገ ይባላል። ያ ግን ማይኩ መሥራቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ባለሙያዎቹ ላይን ቼክ የሚሉት እሱን ነው፤ እያንዳንዱ ገመድና ማይክ ሚክሰሩ (ድምፆቹ ሁሉ ተሰብስበው የሚመጠኑበት መሣሪያ) ላይ ድምፅ መስጠቱ ይታያል፣ በ15 ደቂቃም ያልቃል። ሳውንድ ቼክ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ተጫዋቹ ማታ በሚቆምበት ቦታ ቆሞ፣ ማታ በሚጫወትበት ጉልበት ይጫወታል፤ የድምፁ ልክ፣ የሞኒተሩ (ለተጫዋቹ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር) አቅጣጫና የማይኩ ርቀት ያኔ ተወስኖ ምልክት ይደረግበታል።

ሐዋሳ ውስጥ ዝግጅቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀምራል እንበል፤ ሦስት ቡድኖችና አራት ብቸኛ ተጫዋቾች አሉ። ለቡድን 20 ደቂቃ፣ ለብቸኛ ወይም ለገጣሚ 10፣ ለመድረክ መሪው 10 ደቂቃ ሲያዝ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስለዚህ ሞንታርቦና ገመድ እስከ 6 ሰዓት ተተክሎ ያልቃል፣ ላይን ቼክ ይከተላል፣ ከ7 እስከ 9 ሳውንድ ቼክ ነው፣ 9 ተኩል ላይ በር ይከፈታል። ወንበር ከ7 ሰዓት በፊት ተደርድሮ ማለቅ አለበት፤ የፕላስቲክ ወንበር እየተጎተተ ዋሽንትን መመጠን አይቻልም። ቅደም ተከተሉ ከፕሮግራሙ የተገለበጠ ነው፦ ማታ መጨረሻ የሚጫወተው መጀመሪያ ይሞክራል፣ ማታ የሚከፍተው ደግሞ መጨረሻ። እንዲህ ሲሆን የመክፈቻው ቡድን ማይክና ሞኒተር ከቦታው ሳይነሳ ዝግጅቱ ይጀመራል።

ሥራው ከጌን ይነሳል። ጌን ከማይኩ የሚመጣው ድምፅ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገባ የሚመጠንበት ቁልፍ ነው። ዘፋኙ በሙሉ ድምፁ ይዘፍናል፤ ቀይ መብራት ሳይበራ ጠቋሚው ጥሩ ከፍ እስኪል ድረስ ጌኑ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ እጅ አይነካውም። ተጫዋቾች ሲሞክሩ በለሆሳስ ማንጎራጎር ይቀናቸዋል፤ ማታ ጭብጨባው ሲያሞቃቸው ድምፃቸው ይጨምርና ቀዩ ይበራል። መግቢያው ላይ የተሰበረ ድምፅ ፌደሩን፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን የድምፅ ቁልፍ፣ በማውረድ አይድንም፤ ቀስ ያለ ስንጥቅ ድምፅ ይሆናል እንጂ አይጠራም።

ብዙ ዝግጅት የሚያበላሸው ግን ፊድባክ ነው፤ ማይኩ ከሞንታርቦው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ እንደገና ሲያጎላው፣ ሲዞር ሲዞር የሚመጣው ፉጨት። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ ሚክሰሩ ይሮጣል፤ መፍትሔው ግን አብዛኛውን ጊዜ መድረኩ ላይ ነው ያለው። ሞንታርቦዎቹ ከማይኮቹ መስመር ወደ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ይውጡ። እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያለው የተለመደ የዘፋኝ ማይክ በጀርባው በኩል ብዙም አይሰማም፤ ስለዚህ ሞኒተሩ በትክክል ከጀርባው ትይዩ ይቀመጥ። አፍ ከማይኩ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይቅረብ። የማይኩን ራስ በመዳፍ አፍኖ መያዝ ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ የኋላ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ ያፏጫልም። ክፍት ማይክ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ሳያፏጭ ድምፁን ከፍ ለማድረግ የነበረን አቅም በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ የማይዘፈንበት ማይክ ይዘጋ። መድረክ መሪው ማይክ ይዞ ከሞንታርቦ ፊት ለፊት እንዳይወርድ እዚያው በሳውንድ ቼክ ላይ የሚቆምበትን ወሰን ያሳዩት።

የባህል መሣሪያ ጊዜ ይፈልጋል፤ ለእሱ መስጠትም ይገባል። ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የተገጠመ ድምፅ መቀበያ) ያለው ክራር በዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰሩ እንዲስማማ በሚያደርግ ትንሽ ሳጥን፣ ይገባል። መሰንቆ ቆዳው ፊት ለፊት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ማይክ ይተከልለታል፤ በጣም ከቀረበ የጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይበልጠዋል። ለዋሽንት ማይኩን ከትንፋሹ መስመር ገለል አድርጎ ወደ ጣቶቹ ማዞር ነው። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ ከሐይቁ ዳር ሲመሽ ይህ ይደርሳልና ከበሮ መቺው ከመውጣቱ በፊት እንደገና ያዳምጠው።

በቡድን የሚዜም ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የሚሰማው ቄጣላ፣ የሲዳማ የኅብረት ዜማና ጭፈራ፣ ያለ ማጉያ በሜዳ እንዲሰማ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጉልበቱ ከብዙ ሰው ጉሮሮና እግር ይመጣል። እንዲህ ያለውን ዜማ መድረክ ላይ አምጥቶ ለመሪው ብቻ ማይክ መስጠት ተቀባዮቹን ማጥፋት ነው። ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ከፊታቸው ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል፤ ይህ ማይክ ከሚክሰሩ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልቱ መከፈቱን አይርሱ። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ከማይክ እስከ ዘፋኞቹ ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ አንዱ ድምፅ በሁለቱም እየገባ ይሳሳል። የእግር ምት በጣውላው በኩል ወደ ማይክ ማቆሚያው ይወጣልና ሎ ከቱን (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ) 80 ወይም 100 ኸርዝ ላይ ይክፈቱ፣ ከማቆሚያው ሥርም የታጠፈ ብርድ ልብስ ያኑሩ።

ሐይቁን ከጀርባ አድርጎ መድረክ መሥራት ለፎቶ ያምራል። ነገር ግን ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ተመልካቹን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከሰዓት ከውኃው ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስም ድምፁን ወደ ሰፈሩ ያርቀዋል። የስፖንጅ ቆብ በእያንዳንዱ ማይክ ላይ ይደረግ። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 4 ሜትር ላይ የጮኸው 16 ሜትር ላይ በ12 ቀንሷል ማለት ነው። ሞንታርቦው በማቆሚያ ከሰው ራስ በላይ ሲሰቀል የፊተኛው ረድፍ አይደነቁርም፣ የኋለኛውም ይሰማል። ሳውንድ ማኑ ሚክሰሩ አጠገብ ብቻ አይቀመጥ፤ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ ያዳምጥ። አዳራሽ ከሆነ በባዶው የሚያስተጋባው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይቀንሳልና ለእሱ ብሎ ብዙ ማስተካከል አያስፈልግም።

መብራትም በዚሁ ሰዓት ይፈተሻል። ጀነሬተሩ ይነሳ፣ ሲስተሙ በእሱ ላይ 10 ደቂቃ ይሥራ። ሲከፈት ሚክሰር መጀመሪያ፣ አምፕሊፋየር መጨረሻ፤ ሲዘጋ የተገላቢጦሽ፤ ይህ ካልተጠበቀ የሚሰማው ድንገተኛ ምት ስፒከር ያቃጥላል። የመድረክ መብራትና ድምፅ ከተለያየ መስመር ይሳቡ። «ህምም» የሚል ድምፅ ቢመጣ አርዙን መቁረጥ ሰው ይገድላል፤ የድምፅ መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል።

እያንዳንዱ ቡድን ሲጨርስ የቆመበት ቦታ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፣ የሚክሰሩ ቁልፎች በስልክ ፎቶ ይነሡ፤ ዲጂታል ከሆነ ሴቭ ይደረግ። የገመድ አልባ ማይክ ድንጋይ ከሳውንድ ቼክ በኋላ በአዲስ ይቀየር።

መሣሪያው ዘግይቶ ደርሶ 20 ደቂቃ ብቻ ከቀረ፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ መንካት አያዋጣም። ላይን ቼክ ለሁሉም፣ ቀጥሎ የመድረክ መሪው ማይክ፣ ቀጥሎ የመክፈቻው ቡድን ከነሞኒተሩ። የቀሩት ከመውጣታቸው በፊት መድረክ መሪው ለ3 ደቂቃ ሕዝቡን ይዞ ያቆይ፤ ጌናቸው በዚያች ሰዓት ይመጠናል።