«ካያያዝ ይቀደዳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው ለወላጆች ስብሰባ ተጠርተን ነበር። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቦርሳው ውስጥ ሴንጢ ተገኝቶበት ነው። አንዲት እናት «በር ላይ ይፈተሹ» አሉ። አንድ አባት ደግሞ ተነሱና «የለም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። የመሣሪያ አያያዝ አላስተማርናቸውም። ተኩስም ቢሆን ከልጅነት ነው የሚለመደው። ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ!» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔን ግን ከነከነኝ።

ሰው ሁሉ ይህን ተረት ከልብስ ጋር ነው የሚያገናኘው። ጨርቅ ሲጎትቱት እንደሚቀደድ ለማወቅ ግን ተረት አያስፈልግም። እኔ ከስልቻ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

ለስልቻ የሚሆን የፍየል ቆዳ ሲገፈፍ ሆዱ አይሰነጠቅም። ከኋላ እግር ተጀምሮ እንደ ካልሲ እየተገለበጠ ይወርዳል። አባቴ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ፣ ቆዳውን ከሥጋው በጡጫው ያላቅቀዋል። ቢላዋው የሚፈለገው እምቢ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የእኔ ሥራ እግሩን መያዝ ነበር። «ጠበቅ አርገህ ያዝ፤ ወደ ራስህ አትሳብ!» አንድ ቀን ሳብኩ። ቢላዋው ሸርተት አለና ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ ወጣች። በቃ፣ ያ ስልቻ ጤፍ አይቋጥርም። እናቴ ባቄላ ስትይዝበት ኖረች። ባየሁት ቁጥር አፍር ነበር።

ቢላዋው እጄ የገባው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እግር ይዤ ነው። ምንሽሩማ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ጥይቱ የት እንዳለ የሚያውቁት አባቴና እናቴ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት ስንሄድ የእረኛ ዱላችንን እንኳ በር ላይ ጥለን ነበር የምንገባው። ዛሬም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ለመያዝ አዋቂውን ሰው ፈቃድ ይጠይቀዋል።

ታዲያ ተረቱ «አስይዘው፣ ይለምዳል» ማለት ከየት መጣ? እንዲይዝ የተፈቀደለትም ቢሆን እጁ ካልረጋ ያበላሻል ነው የሚለው።

ደግሞ ለምን ግማሹን ቆርጠን እንጥላለን? ሙሉው «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ነው። ዛፍ ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ባለጉዳዩን ሳያናግሩ አይፈርዱም። ያ ልጅ ስብሰባው እስኪያልቅ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ሴንጢውን ለምን እንደያዘ፣ ማንን ፈርቶ እንደሆነ፣ እኔን ጨምሮ አንድም ሰው አልጠየቀውም።