«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፦ ከእርሻ የበቀለ ተረት

ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ዐዋቂነቷን ተቀብሎ ሲያበቃ መቋጫውን ይነጥቃታል፤ ብትመክር፣ ብትዘይድ፣ ነገሩን ከሥሩ ብታውቀው እንኳ የመጨረሻው ቃል የወንድ ነው ማለት ነው። ቀድማ ሐሳብ የሰጠችን ሴት ዝም ለማሰኘት ይጣል ነበር፤ ዛሬም በቀልድ ተሸፍኖ ይሰማል።

መነሻውን እርሻ ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል ባይ ነኝ። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ርስት መካፈል ትችል ነበር። ዘር ትመርጣለች፣ ታርማለች፣ ጎተራውን ትጠብቃለች። በሬ ጠምዶ እርፍ መጨበጥ ግን ለሴት ነውር ነበር። እናም ባሏ የሞተባት ባለርስት መሬቷን ለአራሽ ሰጥታ ምርቱን ትካፈላለች። ሥራው በእርግጥም በወንድ ያልቅ ነበር! ተረተኛው የሞፈርና የቀንበሩን ደንብ አንሥቶ በአእምሮዋ ላይ ጫነው።

«ከጥንት ከፍጥረት እንዲሁ ነበር» ለሚል ሰው ኮንሶን ላሳየው እወዳለሁ። እዚያ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉት ሴቶች ናቸው። ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው ያመጣሉ፣ ጠርበው ያሾሉታል፣ ከእንጨት እጀታ ጋር በሙጫ ያጣብቁታል፣ ሲደነዝዝም እንደገና ይስሉታል። የሰው ልጅ ብረት ከማወቁ በፊት ይተዳደርበት የነበረ ሙያ ነው። የድንጋይ መሣሪያ ሲነሣ ወንድ ጠራቢ ብቻ ይታያቸው የነበሩ አጥኚዎች፣ የኮንሶ ሴቶችን ካዩ በኋላ ግምታቸውን ለመመርመር ተገደዋል።

ተረቱ በሚነገርበት በሰሜኑስ? በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በውጊያ አልበገር ሲል፣ የውኃ ምንጩ ይያዝ ብለው የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምንጩን የያዘውም የእሳቸው ሠራዊት ነበር፤ ጣሊያኖቹም ምሽጉን ለቀው ወጡ። ብታውቅም በእሷው አለቀ።

ሕጉ ግን ከተረቱ ጋር ብዙ ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር፤ በፌዴራል ደረጃ ይህ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም በጋራ ይሰፍራል። እርፉን የሚጨብጠው ግን አሁንም በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ደብተሩን የያዘች መበለት አራሽ ፍለጋ ትወጣለች፣ የድርሻው ድርድርም በሬ ወዳለው ያዘነብላል።