ሙሉ ኢንሹራንስ እያለ ካሳው ለምን ይጎድላል?

ለገጣፎ የሚኖር ጎረቤቴ ሚኒባሱን አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውኃ ታንከር አስገጥሞ ለቤተሰብ ሽርሽር አዘጋጀው፤ ኢንሹራንሱን ግን መጀመሪያ መኪናውን በገዛበት በ1,200,000 ብር ዋጋ ላይ እንዳለ አሳደሰ። በሱሉልታ መንገድ ተጋጭቶ ጋራዡ 200,000 ብር ሲጠይቀው፣ መድን ሰጪው የፈቀደለት 120,000 ብር ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ «ኤክሰስ» የሚባለው የባለንብረቱ ድርሻ ተቀነሰ።

ስሌቱ «አቬሬጅ» ከሚባለው የውል አንቀጽ የመጣ ነው። አደጋው በደረሰበት ቀን መኪናው 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ በውሉ ላይ የሰፈረው 1,200,000 ብር ብቻ ከሆነ፣ ባለንብረቱ የንብረቱን 60 በመቶ ብቻ መድን እንደገባ ስለሚቆጠር፣ ጉዳቱ ትንሽም ቢሆን 40 በመቶውን ራሱ ይሸከማል። ብዙ ሰው አንቀጹ የሚሠራው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ ይመስለዋል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም ቢሆን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይከፍልም።

ውል ሲታደስ ይህን ለደንበኛው በቃል አለማስረዳት በእኔ እምነት ከባድ ጉድለት ነው። ስለዚህ አልጋው፣ ምድጃውና ታንከሩ ከነዋጋቸው በውሉ ተጨማሪ ገጽ ላይ እንዲሰፍሩ፣ የመኪናውም ዋጋ በየዓመቱ በወቅቱ ገበያ እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ።