ከተማሪነት ወደ ነርስነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጤና ጣቢያ እየሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ዲግሪያቸውን የሚጨርሱ ነርሶች አሉ። በመደበኛው ተምረው በቀጥታ ዋርድ የሚገቡም አሉ። ሁለቱም ጋ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«እየሠራሁ ስለተማርኩ የሚከብደኝ ነገር የለም»

እጅ መፍታቱስ እውነት ነው። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት አያስጨንቅም፤ ከአስታማሚ ጋር መግባባትም ተለምዷል። ግን ልምዱ የየት ነው? ዓመታት መርፌ ክፍል የሠራ ሰው ከኦፕራሲዮን የወጣ በሽተኛ ሲቀበል እንደ አዲስ ነው። ቁስሉ ደማ ወይ? ሽንት ወጣ ወይ? የልብ ምቱ ለምን ፈጠነ?

ደግሞ ተማሪ ሲኮን «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው ከኋላ አለ። ፈቃድ ከወጣ በኋላ ቻርቱ ላይ የሚያርፈው ፊርማ የራስ ነው። ማታ ዱቲ ላይ ሦስት አስታማሚ በአንዴ «ሲስተር!» ሲል ማንን ማስቀደም እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሙያው ሁሉ ከባዱ ይኼ ነው።

«ተመረቅኩ፣ አለቀ»

አላለቀም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና አለበት። የሙያ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ እሱ በነርስነት መሥራት አይቻልም። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል።

«ብጠይቅ ይንቁኛል»

አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ ተባለ እንበል። ግሉኮሱ የሚወርድበት መስመር (ቱቦው) ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ አካባቢ ነው። 15 የሚጥል ከሆነ ግን 31 ይሆናል። የመስመሩ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፤ ሳያነቡ በለመዱት መሄድ ነው ጉዱ። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ከተሰጠ ልብ ያቆማል። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሲሆን ጠንቃቃ ሲስተር ስንት ዓመት ብትሠራም ሌላ ሰው ጠርታ «እስቲ እይልኝ» ትላለች። ማንም አይንቃትም። የሐኪም ጽሑፍ ካልተነበበም ደውሎ መጠየቅ ነው እንጂ ግምት የለም።

«ማሽኑ ያለው ትክክል ነው»

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ተከናንበው የገቡ እናት ጣታቸው በረዶ ሆኖ የኦክስጅን መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያወጣ፣ መጀመሪያ ጣቱን ማሞቅና ደግሞ መለካት ነው። ቁጥሩ ካልተነሣ ግን «ብርዱ ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

ለነገሩ የሰውም መልስ እንደዚሁ ነው። የመንዝ እናት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ ሕመሙ እያላባቸውም «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉት። ሰላምታ መመለሳቸው ነው፤ እውነት መስሏችሁ እንዳትጽፉት። «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት?» ብላችሁ ቁጭ በሉ።

«ገጠር ከተመደብኩ ሙያዬ ይሞታል»

ሸዋ ሮቢት ቆላው ወባ፣ ደጋው ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል። ጤና ጣቢያ ላይ ስፔሻሊስት የለም፤ አምጡልኝ የሚሉት ላብራቶሪም ሁሉ አይገኝም። ማን እዚሁ ይታከም፣ ማን ሪፈር ይባል (ወደ ሆስፒታል ይላክ) የሚለውን ለመወሰን የእናንተ ዓይን ትልቅ ድርሻ አለው። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ደብረ ብርሃን ድረስ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ዘግይቶ መወሰን ዋጋ ያስከፍላል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የመጨረሻው መድኃኒት ምን እንደነበር፣ ስንት እንደተሰጠና በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ጻፉ። ተቀባዩ ነርስ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ አምቡላንሱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።